ከሐኪሙ ቀድመው የሚያክሙት አያ ሰውአገኝ

ሐኪም ቤት ደርሶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሰው ያውቀዋል፦ ከሐኪሙ ቀድሞ የሚያክመውን በሽተኛ። ካርድ የሚያወጣው እንደ ማናችንም ተሰልፎ ነው፤ ሹመቱን ግን ለራሱ የሚሰጠው ራሱ ነው።

ለእኔ የደረሱኝ አያ ሰውአገኝ ናቸው፤ የስልሳ ሦስት ዓመት ገበሬ፣ የአይከል ሰው፣ የጎንደር ጉልበቶች ሁሉ የበላይ ጠባቂ።

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ባለው ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ዓመት ደረጃ ስወርድ ቀኝ ጉልበቴ ቀጭ ቀጭ እያለ ያመኝ ጀመር። ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ "የመገጣጠሚያው ልስልስ አጥንት መሳሳት ጀምሯል። ገና ጅምር ስለሆነ እንቅስቃሴ ይረዳሃል" ብሎ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ። አግዳሚው ላይ ሳልደላደል አንድ ጋቢ የደረቡ ሰው ጎንበስ ብለው ጉልበቴን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት።

"ይሄ ነው? ምነው እስካሁን ቆየህ?"

ሐኪም መስለውኝ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

እሳቸውም እንደኔው ጅምር ናቸው። ልጃቸው እታገኘሁ ቤት ማራኪ አርፈው ይታከማሉ፤ "አርፈው" የሚለው ቃል ግን ለእሳቸው አይሆንም። ጉልበታቸው ላይ ሙቅ ፎጣ ታስሮ ሩብ ሰዓት ይተኙ ሲባሉ፣ በሦስተኛው ደቂቃ ከነፎጣቸው ተነሥተው ሌላውን በሽተኛ ይቆጣጠራሉ።

"አንቺ፣ ጭንሽን ወጥሪ እንጂ ጥርስሽን ምን አስነከሰሽ! ጉልበት ከተቀመጠ ይዝጋል!"

ፊዚዮቴራፒስቱ ኢዮስያስ ትዕግሥቱን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። "አያ ሰውአገኝ፣ እዚህ ባለሙያው እኔ ነኝ" ይላቸዋል።

"ልጄ፣ አንተ አምስት ዓመት ተማርክ። እኔ በዚህ ጉልበት ስልሳ ዓመት ሄጃለሁ።"

የራሳቸው ተራ ሲደርስ ግን ሌላ ነው። እግርን ቀጥ አድርጎ አንሥቶ እስከ አስር መቁጠር ነው ሥራው። አያ ሰውአገኝ፣ "አንድ፣ ሁለት፣ አስር!" ብለው ያወርዱታል።

"መሃሉስ?" ይላል ኢዮስያስ።

"መሃሉን ትናንት ቆጥሬዋለሁ።"

በአምስተኛው ሳምንት ሰለቸኝ። ሕመሙ ቀነስ ቢልም አልለቀቀኝም፤ አያ ሰውአገኝም በበኩላቸው አልለቀቁኝም። ሁለት ቀጠሮ አሳለፍኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከጉልበቴ ይልቅ ጆሮዬ አረፈ።

በሦስተኛው ቀጠሮ ቀን የቢሮዬ በር ተከፈተ። አያ ሰውአገኝ ሁለት ፎቅ ወጥተው፣ ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ በባልደረቦቼ ፊት ቆሙ።

"ምነው ጠፋህ?"

"ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ አያ። ደግሞ ትንሽ ላሳርፈው ብዬ . . ."

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ወረደ። "ክንዱ የሚባል ታላቅ ወንድም አለኝ" አሉ። "የሱም እንደኔና እንዳንተ ጅምር ነበር። 'አንተ ተቀመጥ፣ እኔ አርስልሃለሁ' አልኩት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ። እሱም ተቀመጠ። ይኸው ሰባት ዓመቱ፤ ለጥምቀት እንኳ ልጆቹ በቃሬዛ ነው የሚያወጡት። ተቀመጥ ያልኩት እኔው ነኝ።"

ጃኬቴን አንሥቼ ተከተልኳቸው።

ከዚያ በኋላ አልቀረሁም። በሦስተኛው ወር ደረጃውን ብረቱን ሳልይዝ መውረድ ጀመርኩ። እሳቸውም ተሻላቸውና ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከመሄዳቸው በፊት ኢዮስያስን ወደ ጥግ ወስደው፣ ሰባት ዓመት የተቀመጠ ሰው ከምን እንደሚጀምር ሲጠይቁት ሰማሁ። ኢዮስያስ ወንድማቸው መጥቶ እንዲታይ ለመናቸው። "እሽ ካለኝ" አሉ።

የሕክምናው ክፍል ሰላም ሆነ። ሁሉም በየአልጋው ጸጥ ብሎ እግሩን ያነሣል። እኔ ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ።

በቀደም ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

"ሰማህ? ክንዱን ጎንደር ድረስ አምጥቼ ኢዮስያስ አየው! ያንተ ቀጠሮ ቀን አልነበረም እንጂ እዚያው ነበርን። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ማታ አሠራዋለሁ። ዛሬ ብድግ አለልህ! ሁለት እርምጃ ሄደና ሰደበኝ!"

"ምን ብለው?"

ከስልኩ ውስጥ የሌላ ሽማግሌ ቁጣ ይሰማል፦ "ኧረ ልቀቀኝ አንተ ሰው! ብቻዬን እቆማለሁ አልኩህ እኮ!" አያ ሰውአገኝ ይሳቁ ያልቅሱ ልለይ አልቻልኩም።

ስልኩን ዘግቼ፣ እሑድ ጠዋት ወደ አይከል የሚሄደው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ መጠየቅ ጀመርኩ።