ለኑሬ ጠብመንጃ ስንመርጥ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉ፤ ደጅ ላይ አትቁሙብኝ። ማሽላው እሸት የያዘበት፣ ወፉም ዝንጀሮውም ሰውም የሚሻማበት ወራት ነው፤ በዚህ ወራት የእኔ ሆድ አያርፍም። ለምን ብትሉ፣ ለልጅ የመጀመሪያውን ነገር እንደ መምረጥ ያለ ጭንቅ የለም። የመጀመሪያ ጫማ ትገዛላችሁ፣ ይጠበዋል። የመጀመሪያ ስም ታወጣላችሁ፣ አንዱ አያት ያኮርፋል። የእኛ ቤት ግን ይህ ሁሉ አልበቃው ብሎ ለልጅ ጠብመንጃ መረጠ። አዎ፣ ጠብመንጃ! ምን ታፈጡብኛላችሁ?

ኑሬ የልጄ ልጅ ነው። ያኔ የፊት ጥርሱ ወልቆ ገና አልበቀለም፤ ሲስቅ ምላሱ በክፍተቱ ብቅ ይላል። አባቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ መንገድ ላይ ይውላል መንገድ ላይ ያድራል። ልጁ ከእናቱ ከዘሀራ ጋር ጨፋ እኛው ዘንድ ነው ያደገው። አንድ ቀን ታዲያ ዝንጀሮ ከጋራው ወርዶ ማሽላችንን ሲገለብጠው ዋለ። ባለቤቴ አባ ሰይድ ከማሳው ተመልሶ፣ ኮፊያውን አስተካክሎ፣ እንደ ዳኛ ተቀመጠና ፈረደ፤ ኑሬ የራሱ መሣሪያ ያስፈልገዋል። እኔን በዚህ ዕድሜ አባቴ አስታጥቆኛል፣ አለ። አዎ፣ በዚያው ዓመት የገዛ በሬያችሁን ጆሮ መትተህ ነበር ብዬ አስታወስኩት። ማስታወሴን አልወደደውም።

ዘሀራ ምን ትበል? ምራት ናት፤ ያኔ አማቷ ፊት ቃል አይወጣትም። ጓዳ ተከትላኝ ገብታ እጄን ያዘችና፣ "እማ፣ ጥሪ ቢመጣስ?" አለችኝ። ይህን ብቻ። እንቅልፌን ይዛው ሄደች። በእኛ አገር ግርግር ሲነሳ የሚባለው "ጠብመንጃ ያለህ ውጣ" ነው። ዕድሜህ ስንት ነው፣ ጥርስህ በቅሏል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጠብመንጃ የያዘ ልጅ፣ ልጅነቱ ይቀርና አንድ ጠብመንጃ ተብሎ ይቆጠራል። ያ ረቢ፣ ይህን ለአባ ሰይድ እንዴት አድርጌ ላስረዳው?

አይሆንም ብለው ይብስበታል፤ አውቀዋለሁ። ስለዚህ እሺ፣ ግን እኔም አብሬ እመርጣለሁ አልኩት። ሴት ስለ መሣሪያ ምን ታውቃለች ብሎ ሳቀ። ላም ስትገዛ የምመርጥልህ እኔ አይደለሁም ወይ? እሺ ነይ አለኝ። እውነት ነዋ።

በገበያው ቀን ጨፋ ሮቢት ወረድን። ሻጩ ሁሴን ይባላል፤ ሰላት የማያሳልፍ፣ መስጊድ ከፊተኛው ሰልፍ የማይጠፋ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ጠብመንጃ ነጋዴ እንደሆነ አላህ ይወቀው። "አካም ቡልተኒ"፣ እንዴት አደራችሁ ተባብለን፣ ስለ ከብቱም ስለ ዝናቡም ተጠያይቀን ስናበቃ፣ ጓዳ ገብቶ በጋቢ የተጠቀለሉ ሦስት መሣሪያዎች ይዞ ወጣ፤ በሽተኛ የተሸከመ ነው የሚመስለው።

የመጀመሪያው ምንሽር ነበር። ኑሬ አጠገብ ቢያቆሙት ልጁን በአንድ ክንድ በለጠው። አባ ሰይድ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ያድግበታል!" እንዴ! ያድግበታል የሚባለው ለተማሪ ልብስ አይደለም ወይ? እጅጌ ይታጠፋል፤ ይሄ በየት በኩል ይታጠፋል ብዬ ጠየቅሁ። ሁሴን ሳቁን በሳል ሸፈነው። ኑሬ ግን፣ አይ ልጅ! አፈሙዙን እንደ ሸንኮራ አቅፎ "አኮ፣ ይሄን! ይሄን!" ይለኛል። አያቱን እኔን አኮ ነው የሚለኝ።

ሁለተኛው ክላሽ ነው፤ አጭር፣ ቀለል ያለ፣ ለልጁ ልክክ ያለ። ክፋቱም ልክ መሆኑ! አባ ሰይድ ዓይኑ በራ። ስቦ ለቀቀው፣ ቀጭ አለ፤ የእኔም ልብ አብሮ ቀጭ አለ። የምለው ጠፋኝና ላም ስገዛ የምጠይቀውን ጠየቅሁ፤ ከማን ቤት መጣ? ለምን ተሸጠ? በእኛ ዘንድ ሰው የገደለ መሣሪያ፣ ደሙ በሽማግሌ ሳይታረቅ ደጅ አያልፍም፤ የገባበትን ቤት ደሙ ይከተለዋል። አባ ሰይድ ደግሞ ይህን ነገር ከእኔ ይልቅ ይፈራል። "ሁሴን ልጄ፣ ይሄ ደም የለበትም? እስቲ ወላሂ በለኝ" አልኩት።

ሁሴን ክላሹን አየ፣ ጣሪያውን አየ፤ "አላሁ አዕለም፣ አላህ ነው የሚያውቀው፣ እማ ፋጤ። እኔ ከሰው ገዛሁ፣ ሰውየውም ከሰው" አለ። ምንሽሩስ? እሱም አላሁ አዕለም። መዋሸት ቢያውቅበት ወዲያው ሸጦልን ነበር፤ የአላህ ፍራቻ ገበያውን ዘጋበት።

አባ ሰይድን ላብ አጠመቀው። መሣሪያ ሊገዛ እንደ ወረደ ላገኘው ሁሉ አውርቷል፤ ባዶ እጁን በየት በኩል ይመለስ? ወላሂ የምትልበት አንድ እንኳ የለህም ወይ ብሎ ለመነው። ሁሴን እያፈረ ሦስተኛውን ገለጠ። በዚህስ እምላለሁ፣ ወላሂ አንዲት ነፍስ አላጠፋም፣ አለ። እንዴት አወቅህ? አባቴ ከነሳጥኑ ነው ያገኘው፤ ውስጡ አንድ ብረት ስለጎደለው፣ ከሳጥኑ ከወጣ ጀምሮ ተኩሶ አያውቅም።

አባ ሰይድ አፉን ሳይከፍት እኔ እጄን ዘርግቼ በመሣሪያው ላይ ዱዓ ጀመርኩ። የተመረቀ ዕቃ እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ሁሴን አሚን አለ፣ ኑሬ አሚን አለ፣ አባ ሰይድ ጥርሱን ነክሶ አሚን አለ።

ጥሪው እንደ ፈራሁት መጣ፤ ኑሬ ጢሙ ማቆጥቆጥ ሲጀምር። ደጃችን የቆሙት ሰዎች ከዚህ ቤት አንድ መሣሪያ አለ ብለውናል አሉ። ዘሀራ ክርኔን ጨምድዳ ይዛለች። ጠብመንጃውን ተቀብለው ሳቡት፣ ምንም። ደገሙት፣ ምንም። አንደኛው፣ ይሄ ገንፎ ለማማሰል ይሆናችኋል ብሎ መለሰልንና ልጁን ሳያዩት ሄዱ። አባ ሰይድ በኀፍረት ሰንብቶ ነው ገበያ የወጣው። እኔ እዚያው ግንባሬን ምድር አስነክቼ ሱጁድ ወረድኩ። ከጎረቤት የወጡ ልጆች ነበሩ፤ ሁሉም አልተመለሱም።

የቀረውን ልንገራችሁ። ሁሴን መሣሪያውን ትቶ ፍየል ይነግዳል፤ በፍየል እንደ ልቡ ይምላል። ዘሀራ ዛሬ አማቷ ፊት ትናገራለች፤ እንዲያውም አበዛችው። አባ ሰይድ አርጅቷል፤ ጠብመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ይሄ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም ይላል ለእንግዳ። ዋሸ አልልም። ኑሬ ከሚሴ ገብቶ ባጃጅ ይነዳል፤ በደሴ መንገድ በእነዚያ ሁሉ የጭነት መኪናዎች መሐል እየተሹለከለከ። ባጃጇን ሲመርጥ እኔን አላማከረኝም። እሷ ደግሞ፣ አላህ ይጠብቀን፣ ትሠራለች።