ኮከቦቹና የእህቴ አማት

ስለ አቧራ ለካዛንቺስ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሰፈሩ ሲፈርስና ሲሠራ አቧራው በሸሚዛችን፣ በምሳችን፣ አንዳንዴም በወሬያችን መሃል ሲገባ ከርሟል። ጠዋት የወለወልኩት መስኮት ላይ ማታ በጣቴ ስሜን እጽፋለሁ። ስለዚህ ኮከብ የሚወለደው ከጋዝና ከአቧራ ነው የሚል ነገር ሳነብ ሮጬ ለጎረቤቴ ልነግረው ምንም አልቀረኝም። ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስናማርረው የኖርነው የኮከብ ሊጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠፈር ውስጥ ዳርቻው የማይታይ የጋዝና የአቧራ ደመና አለ። ደመናው በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ ይተፋፈጋል፣ ሲተፋፈግ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ልክ ሲያልፍ ኮከብ ይለኮሳል። ከለገሃር በሚኒባስ ተጠጋጉ እየተባልን ለምንመጣ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሌላ ትምህርት አያሻንም። አንድ ባልደረባዬ በቢሯችን ቴሌግራም ግሩፕ የላከው የደመናው ፎቶ ደግሞ ሮዝ፣ ብርቱካንማና ሰማያዊ ሆኖ የሰርግ አዳራሽ መጋረጃ ያስንቃል። ስልኬ ላይ አስቀመጥኩት፤ አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብዬ ነው።

ቀኑ ቶሎ ደረሰ። እህቴ ሴት ልጅ ወለደች። እኔ ደግሞ ልጠይቃት በሄድኩ ማግስት ለሥራ ወደ ጅግጅጋ ተጉዤ ለመንፈቅ ያህል ላልመለስ ነው። ያን ዕለት ፊቷን ካላየሁ፣ የማያት ጥርስ አውጥታ ነው፤ ጨቅላነቷ አመለጠኝ ማለት ነው። የመጀመሪያዋ የእህቴ ልጅ ናት፤ ጓጉቻለሁ፣ አላፍርበትም። ችግሩ በእኔና በእሷ መካከል እትዬ አሰለፈች አሉ። የእህቴ አማት ናቸው። የአራሷን ክፍል የሚያስተዳድሩት እሳቸው ሲሆኑ ሕጋቸው አጭር ነው፤ ልጅ ክርስትና ሳይነሳ ፊቱ ለእንግዳ አይገለጥም።

ኦሎምፒያ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ስገባ፣ ከፀሐይ ነው የመጣኸው ተብዬ መጀመሪያ በሩ አጠገብ እንድቀዘቅዝ ተደረግሁ። ቀዝቅዤ ሳበቃ ገንፎ ቀረበልኝ። ገንፎውን ስጨርስ ልጅቷ በእትዬ አሰለፈች ክንድ ላይ ሆና መጣች፤ ከላይ ነጠላ፣ ከነጠላው ሥር ፎጣ፣ ከፎጣው ሥር ደግሞ ስሙን የማላውቀው ሌላ ጨርቅ። ያየሁት ጥቅል ነው።

"እትዬ፣ ትንሽ ገለጥ ያድርጉልኝ እንጂ" አልኩ።

"ዓይን አለ፣ ልጄ።"

"እኔ እኮ አጎቷ ነኝ።"

"ዓይን መቼ ዘመድ ይለያል?"

በልመና እንደማይሆን ሲገባኝ ስልኬን አወጣሁ። አሁንማ ኮከብ እንኳ ሲወለድ ፎቶ ይነሳል ብዬ የጠፈሩን ደመና ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

"ደስ ሲል። እዚህ ነው የሚወለዱት?"

"እዚሁ ውስጥ።"

"እስቲ አዲሶቹን አሳየኝ።"

እዚህ ላይ መዋሸት ነበረብኝ፤ እኔ ግን እውነቱን ተናገርኩ። "አዲሶቹማ አይታዩም፤ አቧራው ሸፍኗቸዋል። ጠንከር ሲሉ ራሳቸው ገፍተውት ይወጣሉ" አልኩ።

እትዬ አሰለፈች ወደ እህቴ ዞሩ። "ሰማሽ? እግዜርም ሸፍኖ ነው የሚያሳድግ።"

እህቴ አልጋዋ ላይ ሆና ጋቢውን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ምስክር ይሆነኛል ያልኩት ፎቶ መሰከረብኝ።

መቼም ሰው ሲሸነፍ እውቀት ያበዛል። "ማለቴ፣ እትዬ፣ እሱም ቢሆን መላ ተገኝቶለታል" አልኩ። "አቧራውን አልፎ የሚያይ መሣሪያ ሠርተዋል። የኮከቦቹ ሙቀት አቧራውን አልፎ ስለሚወጣ፣ በሙቀታቸው ነው የሚያያቸው።"

ትንሽ አሰቡ። ሊገልጡልኝ ነው ብዬ ወንበሬን ጠጋ አደረግሁ።

"እጅህን ታጥበሃል?"

"አዎ።"

እጄን ይዘው ጥቅሉ ላይ አኖሩት። "በል፣ እይ" አሉኝ።

ነጠላውን፣ ፎጣውንና ያንን ስሙን የማላውቀውን ጨርቅ አልፎ ሙቀቷ መዳፌ ውስጥ ገባ። ከሥር ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ትተነፍሳለች። ደስ አለኝ። እትዬ ራሳቸው እስኪያነሱልኝ ድረስ እጄን አላነሳሁም።

ጅግጅጋ ስደርስ የአዲሱ ቢሮ ሰዎች የእህቴን መውለድ ሰምተው፣ እንደ ወጉ፣ ማንን ትመስላለች ብለው ጠየቁኝ።

"እሱን እንኳ ገና አላየሁም" አልኳቸው። "ግን ትሞቃለች።"