የሊቀ መኪና ባለ ቋጠሮ ክር

በየመሥሪያ ቤቱ መኪና የሌለው አንድ የመኪና ሊቅ አለ። የሌለበት መሥሪያ ቤት ካጋጠማችሁ ገና አልተቋቋመም ማለት ነው። ይህ ሰው ጠዋት በአውቶቡስ ይመጣል፣ ማታ በአውቶቡስ ይመለሳል። በመሀል ባሉት ስምንት ሰዓታት ግን የትኛዋ ትንሽ መኪና ዳገት ላይ እንደምትለግም፣ የትኛዋ ነዳጅ በማሽተት ብቻ እንደምትሄድ፣ የትኛዋ ደግሞ መለዋወጫ ፍለጋ ባለቤቷን ስታንከራትት እንደምትኖር ሲያስረዳ ይውላል። ምክሩን ሰምተው የገዙ ሁሉ ማታ ማታ በፌርማታው በኩል ሲያልፉ እጃቸውን ያውለበልቡለታል። እሱ የሚያየው እጃቸውን አይደለም። የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ ራሱን ይነቀንቃል።

የእኛው ሊቅ መዝገብ ቤት ነው የሚሠሩት። ሊቀ መኪና እንላቸዋለን። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም፤ ሹመቱ የደመወዝ ጭማሪ ስላልነበረው የተቃወመም የለም። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጡረታ ሊወጡ አራት ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው። ክፍላቸው እስከ ጣሪያ በፋይል የተሞላ ሲሆን ያለችው አንዲት መስኮት የምታየው ወደ መኪና ማቆሚያው ነው። ከፋይላቸው ቀና ሳይሉ፣ «የሒሳብ ሹሟ መጣች። ፍሬኗን ግን ዛሬም ለመካኒክ አላሳየችም» ይላሉ። እኛ ወደ መስኮቱ እንሮጣለን። የሒሳብ ሹሟ ናት።

ይህችው የሒሳብ ሹም መኪናዋን ስትገዛ በቀዩ ቀለም ልቧ ተሰርቆ ነበር።

«ጋሼ፣ ቀለሟ አያምርም?»

«ያምራል። አንቺ ግን ከውስጥ ሆነሽ አታዪውም፤ የሚያየው ጎረቤትሽ ነው። ለጎረቤትሽ ነው እንዴ የምትገዢው?»

ነጯን ገዛች። ጎረቤቷ ምን እንደተሰማው አልሰማንም።

ሊቀ መኪና ባለ ካሬ ደብተር አላቸው። በአንድ በኩል የመኪኖቹ ስም፣ በሌላ በኩል የነዳጅ ፍጆታ፣ የመለዋወጫ ነገር፣ የጎማ መጠን፣ ጠባብ መንገድ ላይ ለመዞር የምትፈልገው ስፋት፣ ዝናብ ሲመጣ የምታፈስበት ቦታ ሳይቀር ተጽፏል። አንድ ሰው እንደምንም አወዳድሮ ጨርሶ «በቃ ይቺን ልግዛ» ሲል፣ እጃቸውን ከፍ ያደርጉና ያቺን የታወቀች ቃላቸውን ይናገራሉ። «ቆይ፣ አትቸኩል። የሚመጣው ሞዴል ይታይ።» ከዚያ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ተብሎ ይደመደማል። በዚህ ምክንያት ከመካከላችን አንዱ መኪና እየመረጠ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ልጁን ትምህርት ቤት አስገብቷል።

ደላሎች ሲያዩዋቸው ፊታቸው ይጠቁራል። ሊቀ መኪና መጀመሪያ በሩን ከፍተው ይዘጉታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ እንደገና ይዘጉታል። ቀጥሎ ጋዜጣ አንጥፈው ከመኪናዋ ሥር ይጋደማሉ። በመጨረሻ ደግሞ ማናችንም ያልገባንን ነገር ያደርጋሉ። ከኮት ኪሳቸው የፋይል ማሰሪያ ክር ያወጣሉ። ክሩ ላይ አንድ ቋጠሮ አለ። የኋላውን የቀኝ በር ይከፍቱና የክሩን ጫፍ መሬት አስነክተው እስከ መቀመጫው ይለካሉ። ቋጠሮው የት እንደዋለ አይተው ይጽፋሉ። ከዚያ ይገቡና ይቀመጣሉ፤ አንድ እጃቸውን የበሩ ፍሬም ላይ አድርገው ቀስ… ቀስ ብለው ይነሳሉ።

«አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» አላቸው አንዱ ደላላ።

«አይ፣ እየተነሳሁ ነው።»

«ለመነሳት ይህን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

«ይፈጃል» አሉት።

ቢሮ ተመልሰን ሳቅን። የመዝገብ ቤት ሰው አይደሉ? ያገኙትን ሁሉ በክር ማሰር ልማዳቸው ነው አልን። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ፤ ያን ሳቅ ዛሬም ድረስ ጆሮዬ ውስጥ እሰማዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ተራው የእኔ ሆነ። አባቴ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። ወድቀው ዳሌያቸው ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ለእንቅስቃሴ ሕክምና መሄድ ነበረባቸው። የመጀመሪያው ቀን በታክሲ ሄድን። መውረድ አቃታቸው፤ ሁለት ጎረምሶች በብብታቸው ይዘው ጎትተው አወጧቸው። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየ። አባቴ ቤት ሲገቡ ኮታቸውን እያወለቁ እንዲህ አሉኝ።

«አርባ ዓመት ሙሉ በሰው ቤት ቁም ሳጥን ተሸክሜ ገብቻለሁ። እኔ ግን እንደ ቁም ሳጥን አልወጣም። ሁለተኛ አልሄድም።»

ሐኪሟን አማከርኳት። ወሩ ሳያልቅ ካልጀመሩ እግሩ እንደደረቀ ይቀራል አለች። አባቴን ስነግራቸው፣ «ይድረቅ። ደረቅ እንጨት ነው ጥሩው» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ስለዚህ ወደ መዝገብ ቤቱ ወረድኩ። ስለ አባቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም። የገዛ አባት መዳከም ለሰው የሚነገር አይመስለኝም ነበር። «ጋሼ፣ ለቢሮ መመላለሻ የምትሆን ትንሽ መኪና» ብቻ አልኩ። ፊታቸው በራ፤ ደብተሩ ተገለጠ።

ሦስት መኪኖች ለመጨረሻው ዙር ቀረቡ። ሊቀ መኪና ቅጽል ስም አወጡላቸው፦ እንቁላሏ፣ ቀጭኗና ሳጥኗ። እንቁላሏ ቆንጆ ናት፤ ነዳጅ አትጠጣም፣ ትቀምሳለች። ቀጭኗ በጠባብ መንገድ እንደ መርፌ ትሾልካለች፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ግን ጉልበት ይዞ መግባት አይቻልም። ሳጥኗ ደግሞ ስሟ ራሱ ይናገራል። ንፋስ ሲነካት ታፏጫለች፣ ዳገት ላይ ታጉረመርማለች፣ የዕቃ መጫኛዋ ከአንድ ቦርሳ በላይ አያስገባም። ደብተሩ ላይ ሰባት ጉድለት ተመዘገበባት። ልቤ እንቁላሏ ላይ ወደቀ።

«ቆይ፣ አትቸኩል» አሉኝ ሊቀ መኪና። «ከሦስት ወር በኋላ የእንቁላሏ አዲሱ ሞዴል ይገባል።»

«ሦስት ወር የለኝም!» ብዬ ጮህኩ። በመዝገብ ቤት ውስጥ የጮኸ ሰው እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ ታክሲውን፣ ጎረምሶቹን፣ ቁም ሳጥኑን።

ሊቀ መኪና ደብተሩን ዘጉ።

«አባትህ ሰው ሳይይዛቸው የሚነሱበት ወንበር የቱ ነው?»

አላውቅም ነበር። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ ከአባቴ ጋር አንድ ቤት እየኖርኩ የሚነሱበትን ወንበር አላውቅም። ሊቀ መኪና ከጥቅሉ ላይ አንድ ክንድ ተኩል ክር ቆርጠው ሰጡኝ። «እያቸው። ከዚያ ለካና ቋጥረህ አምጣልኝ።»

ያን ቀን ማታ አባቴን አየኋቸው። ከሶፋው ሲነሱ እኔን ይጣራሉ፤ ከአልጋው ሲነሱ ግድግዳውን ይይዛሉ። ወጥ ቤት ካለችው፣ ድሮ በገዛ እጃቸው ከሠሯት ረዘም ያለች ዱካ ግን ብድግ አሉ፤ ማንንም አልጠሩም። እሳቸው ሲወጡ ተንበርክኬ ለካሁ።

በማግስቱ ሊቀ መኪና የእኔን ክር ከእሳቸው ክር ጎን ዘርግተው ጠረጴዛው ላይ አስተካከሉት። የእኔ ቋጠሮ ከእሳቸው በአንድ ጣት ዝቅ ይላል። ልዩነቱን በጣታቸው ለኩት።

«የእናቴ ይበልጣል» አሉ በመጨረሻ። «ረዥም ሴት ነበረች።»

ከዚያ ዓይናቸውን ከክሩ ላይ ሳያነሱ ነገሩኝ። እናታቸው ጉልበቷን ታማ ነበር። ከተማው ማዶ ወዳለችው እህቷ ቤት ውሰደኝ ትላቸዋለች፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ሲጎትታት ግን አትወድም። መኪና መረጡ፤ ገንዘቡም ነበራቸው። መቀመጫው ግን ከቋጠሮው በሁለት ጣት ዝቅ አለ። የሚመጣው ሞዴል ከፍ ይላል ተባለ።

«‹ቆዪ እማዬ፣ አትቸኩዪ› እላት ነበር። በዓመቱ ሞዴሉ መጣ። ለካሁት፤ ልክ ቋጠሮው ላይ ነው። ግን ለማን? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የሰውን መኪና ሁሉ ለምን ይለካሉ?»

«መኪና የሚገዛ ሁሉ አንድ ቀን ከኋላ የሚያስቀምጠው ሰው አለው። ያን ቀን አያውቀውም። እኔ አውቅለታለሁ።» ክሩን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። «ሳጥኗ ካንተ ቋጠሮ ጋር ልክ ናት። ዛሬ ውሰዳት።»

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። «ዛሬ? ዳገት ላይ ታጉረመርማለች አላሉም?»

«አባትህስ ሳያጉረመርሙ ነው ዳገት የሚወጡት?»

«የዕቃ መጫኛዋስ?»

«የምትጭነው ሻንጣ ነው ወይስ አባትህን? ሂድ፣ ተነስ! ደላላው ምሳ ሳይወጣ ድረስበት!»

ሊቀ መኪና ሰውን ሲያስቸኩሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሳጥኗ እያፏጨች ሕክምናው ቦታ ደረሰች። ሞተሩን አጥፍቼ ሮጬ በሩን ከፈትኩና እጄን ዘረጋሁ።

«እጅህን አንሳ!» አሉኝ አባቴ።

አነሳሁ። እግራቸውን አወጡ። አንድ እጃቸውን የበሩ ፍሬም ላይ አደረጉና ቀስ… ቀስ ብለው ተነሱ። ስንስቅበት የነበረው አነሳስ ነው፤ ያው ራሱ። ቆመው ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ዞር ብለው መቀመጫውን በጣታቸው አንኳኩ።

«ይህን የለካው ሰው አናጺ ነው?»

«አይደሉም፤ መዝገብ ቤት ነው የሚሠሩት።»

«ተሳስተው ነው እዚያ የገቡት» ብለው ብቻቸውን ደረጃውን ጀመሩት።

አሁን ማታ ማታ ሊቀ መኪናን ቤታቸው አደርሳቸዋለሁ። ፊት ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ ቦታቸው ከኋላ በቀኝ በኩል ነው። መንገዱን ሙሉ ስምንተኛ ጉድለት ሲፈልጉባት ይቆያሉ። በራቸው ጋ ስንደርስ እጃቸውን ፍሬሙ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ይነሳሉ። ድሮ እየለኩ ነበር። ዛሬ እየለኩ ይሁን እየደከማቸው መለየት አልቻልኩም፤ አልጠየቅኳቸውም።

መንገዱ ጠባብ ነው። ከኋላዬ ያለው ሹፌር ጡሩምባውን ይነፋል፣ መብራቱን ያበራል ያጠፋል። እኔ በመስኮት እጄን አውጥቼ ከፍ አደርግለታለሁ።

«ቆይ፣ አትቸኩል።»