ሞተ የተባለው ማርሚታ

ባለፈው ዓመት ኅዳር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የጋሼ ሙላት የጭነት መኪና ማንኩሳን ለቃ ፍኖተ ሰላም ሳትገባ ጉልበቷ ከዳት። አልቆመችም። ዳሽቦርዷ ላይ ብጫ መብራት በራና ከእግረኛ ጋር እኩል መራመድ ጀመረች። አህያ እየነዳ የቀደመን አንድ ገበሬ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም አለን። ጋቢና ውስጥ ስለነበርኩ ሰላምታው ለእኔም ደርሶኛል።

ሰው ማሽን ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጭራሽ የማያውቀውን ክፍል ነው። በሽታው ያልታወቀን ሰው ቡዳ በላው እንደምንለው ማለት ነው። የዚህችኛዋ ቡዳ የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ውስጥ ተገኘ።

ጋሼ ሙላት የማንኩሳ ሰው፣ ጎረቤቴ ናቸው። በሬዎቻቸውን ሸጠው መኪና ገዙ እንጂ ከበሬ ባለቤትነት አልወጡም። በገዟት ሰሞን ሥሯ ተኝተው ትልልቁን ዕቃ ሁሉ በመሮ ምልክት አድርገውበታል፤ አንድ ሰረዝ፣ ሁለት ነጥብ፤ የከብቶቻቸው ጆሮ ላይ ያለው ያው ምልክት። «ማርሚታ ከመንጋ ይጠፋል?» ብዬ ስቄባቸው ነበር።

ያን ማክሰኞ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ሽንዲ ላይ የዘመዶቻቸው በቆሎ ሜዳ ላይ ተከምሯል፤ ሰማዩ ያለወቅቱ ጠቁሯል። አነሣዋለሁ ብለው ቃል የገቡት እሳቸው ናቸው። ዝናቡ ከቀደማቸው በቆሎው ይሻግታል፤ የዓመት ቀለብ ነው።

አሁን ጥፋቱን ልንገራችሁ። ይህች መኪና ከናፍጣ ሌላ የምትጠጣው አላት፤ እንደ ውኃ የጠራ የዩሪያ ፈሳሽ። ያን ሰሞን ገበያው ላይ ጠፋ። ለጎጃም ገበሬ ዩሪያ ጠፋ ይባላል እንዴ? ጋሼ ሙላት ከጎተራቸው ማዳበሪያ ዘግነው፣ በምንጭ ውኃ በጥብጠው፣ በነጠላ አጥልለው ሞሉላት። ነጠላዋን የጥንቃቄያቸው ምስክር አድርገው ይጠሯታል። ልቃወም ስል፣ «በቆሎን ከመሬት ጎትቶ ያወጣ ዩሪያ ጭስ ማጠብ ያቅተዋል?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ አንድ ነው፤ ማዳበሪያው ግን እድፉንም ይዞ ይመጣል።

ፍኖተ ሰላም ያለው ዘመኑ የሚባል መካኒክ ሥሯ ገብቶ ወጣና ማርሚታው ውስጥ ያለው ጭስ አጣቢ፣ ካታሊስቱ፣ ሞቷል ሲል ፈረደ። ማርሚታውን ቆርጦ አውጥቶ፣ ኮምፒውተሩን የምታታልል ትንሽ ዕቃ ሊያስገባላት፣ እሳቸውም ለማታ ሽንዲ ሊገቡ ተስማሙ።

የወንድማቸው ልጅ ትርንጎ ቡሬ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ስልክ ተደወለላት። እንዳትቆርጡት አለች፤ ምናልባት የተደፈነው ፈሳሹን የሚረጨው ኖዝል ብቻ ይሆናል፣ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፉት። ከዚያ ልንቆርጠው ያሰብነው ነገር ምን እንደሆነ ነገረችን። በጋዜጠኝነቴ ብዙ ንግግር ሰምቼ ዘግቤያለሁ፤ አፌን ከፍቼ የሰማሁት ግን ጥቂት ነው።

ከሞተር የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ሳንባ የሚለበልብ ጋዝ ነው። ማርሚታው ውስጥ እንደ ማር ሰፈፍ የተበሳሳ ሸክላ አለ፤ ግድግዳው ዚዮላይት በሚባል ማዕድን ተለብጧል። ዚዮላይት ውስጡ ሁሉ ክፍል ነው፤ ክፍሎቹ ከማይታይ ነገር ሁሉ የማይታዩ። እዚያ ውስጥ የመዳብ ቅንጣቶች ለየብቻ ተቀምጠዋል። መርዙ ጋዝ ከዩሪያው ከሚወጣው አሞኒያ ጋር መዳቡ ዘንድ ሲገናኝ፣ ንጹሕ ናይትሮጅንና እንፋሎት ሆነው ይወጣሉ። መዳቡ አያልቅም። ሥራውን ሠርቶ እዚያው ይቀመጣል፤ ቀጣዩን ይቀበላል።

በልጅነታቸው አኮፋዳቸውን አንግተው የተንከራተቱት ጋሼ ሙላት፣ «የቆሎ ተማሪ ጎጆ ነዋ» አሉ።

ትርንጎ ምሳሌውን ወደደችው። ተማሪው በየጎጆው እስካለ ቀለሙ ይገባል፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ግን መዳቦቹ ጎጆአቸውን ጥለው አንድ ቦታ ይከማቻሉ፣ ያኔ ትምህርት ቀረ አለች። ናፍጣ ውስጥ ያለው ድኝም ይጫናቸዋል፤ እሱን ጥሩ ሙቀት አብዛኛውን ያራግፈዋል። በምን ታወቀ ብዬ ጠየቅኩ፤ ልማዴ ነው። ዓመታቱን ቀድሞ ለማስረጀት በእሳትና በእንፋሎት ይቀቅሉታል አለችኝ፤ ብረት በሚያቀላ ሙቀት ተቀቅሎም የሚሠራ አለ። የጋሼን ማዳበሪያ ይችል እንደሆነ ግን፣ ሳልፈትሽ አልምልም አለች።

በሽንዲ በኩል ነጎደ። ጋሼ ሙላት ስልኩን ጠጋ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ አንቺ ልክ ነሽ። ዝናቡ ግን አይጠብቅሽም» አሉ።

ተቆረጠ። በቆሎው ሳይረጥብ ገባ። ማርሚታው ለቆራሌ ተሰጠ፤ ቆራሌው በጋሪው ላይ ጥሎት ሄደ። ቀብሩም ይኸው ነበር።

ውሸት ግን እንደ መዳብ አይበረክትም። አታላይዋ ዕቃ በፋሲካ ሰሞን ዓባይ ዳገት ላይ ሞተች፤ መኪናዋም ተመልሳ ከአህያ ጋር ተሰለፈች። አሁንስ እውነተኛው ዕቃ ይግባ ተባለ። ቡሬ ካለ መለዋወጫ ነጋዴ ብርማ ቀለም የተቀባ፣ ከውጭ የገባ የተባለ ማርሚታ ተገኘ። ዘመኑ ሲገጥመው አንድም ቦታ አልተጣላውም፤ የፈረንጅን የልክ ዕውቀት እያደነቀ በየደው። ትርንጎ በዚህኛው ቀን ራሷ መጥታ ቆማ ነበር። ኖዝሉን አስፈትታ ዘፈዘፈችው፤ እንደ ኖራ የደረቀ ነጭ ነገር ለቀቀ። ትክክለኛው ፈሳሽ ተሞላ። ብጫው መብራት ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ክረምቱን ሙሉ ዓባይን በሙሉ ጭነት ወጣች። የውጭ ዕቃ ጥንካሬ አፌ ላይ ነበር፤ ጅጋ ሻይ ቤት ውስጥ ሳይቀር አውርቻለሁ። ጋሼ ሙላትም የቀድሞውን ያሙት ነበር፤ አንድ ጣሳ ማዳበሪያ ቀምሶ ሞተ ይላሉ፣ ስለ ሰነፍ በሬ እንደሚያወሩ።

አዲሱን እስከ መስከረም ምልክት አላደረጉበትም፤ የሰው አገር ዕቃ በመሮ መምታት አስፈርቷቸው። በመስቀል ማግስት ፍኖተ ሰላም ላቫጆ ወሰድናት። ጭቃው ሲታጠብ ብርማው ቀለም አብሮ ተላጠ። ጋሼ ሙላት እንግዲህ የኔ ሆኗል አሉና መሮና መዶሻቸውን ይዘው ሥሯ ገቡ።

የመዶሻ ድምፅ ብጠብቅ ጠፋ። ጎንበስ ብዬ ምነው ጋሼ አልኳቸው። በጀርባቸው እንደተኙ በአውራ ጣታቸው ብረቱን ይጠርጋሉ።

«ተመትቷል» አሉኝ።

አንድ ሰረዝ፣ ሁለት ነጥብ።