የሐሙስ ውሃ

(የዮርዳኖስ ከተማ አማን፣ ሐሙስ ረፋድ፣ የአንድ ባለ ፎቅ ቤት ግቢ። ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህር አቡ ቁተይባ ከፎቁ ወርዷል፤ በአንድ እጁ የራሱንና የምድር ቤቱን የውሃ ቢል፣ በሌላው ሦስት ገጽ ክስ ይዟል። በክሱ አጻጻፍ ረክቷል። ምድር ቤት የሚኖረው ሸሃደ ግድግዳው ሥር ባዶ ጀሪካን ይደረድራል።)

አቡ ቁተይባ፦ አርባ አንድ ዲናር። እኔና ሚስቴ፣ ሁለት ሰው። የአንተስ?

ሸሃደ፦ ሰባት ዲናር፣ ኡስታዝ።

አቡ ቁተይባ፦ ልጆችህ ስንት ናቸው?

ሸሃደ፦ ሰባት።

አቡ ቁተይባ፦ ለካ መንግሥት በልጅ አንድ ዲናር ነው የሚያስከፍልህ።

ሸሃደ፦ ስምንተኛው ሲወለድ ይጨምራል ማለት ነው?

አቡ ቁተይባ፦ አታናድደኝ። ቆጣሪህን ምን አድርገኸዋል? ተናገርና ይሄን ክስ ልቅደደው። አለዚያ አሁኑኑ ውሃ መሥሪያ ቤት እሄዳለሁ፤ መስመርህን ይቆርጡታል።

ሸሃደ፦ ኧረ ኡስታዝ፣ ሰባት ልጅ ይዤ የት ልግባ? ቆጣሪውን ነክቼው አላውቅም። መንካት ይቻላል እንዴ?

አቡ ቁተይባ፦ ታሪፉ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ?

ሸሃደ፦ አላውቅም።

አቡ ቁተይባ፦ አላህ ጭንቅላት ሲያድል አንተ ተኝተህ ነበር። ስማ። ትንሽ ለሚጠቀም ውሃው ርካሽ ነው፤ ድሃ እንዲጠጣ። ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ እየናረ ይሄዳል፤ አባካኝ እንዲቀጣ።

ሸሃደ፦ ጥሩ ሕግ ነው። ታዲያ አባካኙ ማነው?

አቡ ቁተይባ፦ አንተን ነዋ የምጠይቅህ።

ሸሃደ፦ እኔማ የከፈልኩት ሰባት ነው።

(አቡ ቁተይባ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከአርባ ዓመት ማስተማር የተረፈችው ትዕግሥት ይቺ ናት።)

አቡ ቁተይባ፦ እኔ አላባክንም፤ አቅዳለሁ። ውሃ የሚመጣልን በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ነው። ጣሪያ ላይ ታንከሩ ውስጥ ያለው ፍሎተር፣ ተንሳፋፊው መዝጊያ፣ ደግሞ አፉ ድረስ ሳይሞላ ውሃውን ይዘጋዋል። በየሳምንቱ አንድ ጋት ይሰርቀኝ ነበር።

ሸሃደ፦ አንድ ጋት ሙሉ።

አቡ ቁተይባ፦ ጣሪያ ወጣሁና ፍሎተሩን በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት። አሁን እስከ አፉ ይሞላል። ይሄ ዕቅድ ይባላል።

ሸሃደ፦ ከሞላ በኋላስ ማን ይዘጋዋል?

አቡ ቁተይባ፦ ምን አልክ?

ሸሃደ፦ ምንም። አባትዎ ያረፉት በረጀብ ወር ነበር፣ አይደል?

አቡ ቁተይባ፦ በረጀብ። ምን አገናኘው?

ሸሃደ፦ ሽቦውንስ መቼ አሰሩት?

አቡ ቁተይባ፦ ሐዘኑ እንዳለቀ። ወሬ አትለውጥ።

ሸሃደ፦ ገባኝ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በዚህ አሸንዳ ንጹሕ ውሃ ሲወርድ ያመሻል። ለሚስቴ፣ «ኡስታዝ ለአባታቸው ነፍስ ውሃ እየሰጡ ነው፤ ከሰው ዓይን ተደብቀው ስለሆነ አትጠይቂያቸው፤ ምንዳቸው ይቀንሳል» አልኳት። ልጆቹን በሱ እናጥባለን፤ ልብሱንም፣ ምንጣፉንም። የኔ ቆጣሪ የሚዞረው ለመጠጥ ብቻ ነው።

(አቡ ቁተይባ አሸንዳውን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ጀሪካኖቹን ቆጠረ። አሥራ አራት ናቸው።)

አቡ ቁተይባ፦ ይሄን ማን ያውቃል?

ሸሃደ፦ ማንም። ለጎረቤታችን ለኡም ጋሊብ ብቻ ነው የነገርኳት።

አቡ ቁተይባ፦ ለኡም ጋሊብ።

ሸሃደ፦ መስጊድ ያወራችው እሷ ናት እንጂ እኔ ትንፍሽ አላልኩም።

አቡ ቁተይባ፦ ዛሬውኑ ሽቦውን እቆርጠዋለሁ።

ሸሃደ፦ ይቁረጡት። ሰፈሩ ግን «ዓመት ሳይሞላው አባቱን ረሳ» ማለቱ አይቀርም።

(ጣሪያው ላይ ቧንቧው ተንጎራጎረ፤ ውሃ መጣ። ወዲያው የግቢው በር ተከፈተ። ኡም ጋሊብ ሁለት ባልዲ ይዛ ገባች፤ ከኋላዋ አምስት ጎረቤት ተሰልፏል። «ኡስታዝ፣ አላህ አባትዎን ይማርልዎ» አለች። «ዛሬ ምንጣፍ አጣቢ ነኝ፤ ትንሽ በርከት ያድርጉት።»)

አቡ ቁተይባ፦ (ክሱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ እየከተተ) አሜን።