በላተኛ ያጣ አሳማ

እኛ የምናውቀው፣ ነገር ሲበሉት እንደሚያልቅ ነው። ሳይበሉት የሚያልቅ ነገር አለ ብትሉኝ እስቅባችሁ ነበር። ያስተማረኝ አሳማ ነው። ማተብ ያሰርኩ ሰው አሳማ ያስተምረኛል ብዬ መቼ ጠበቅኩ?

አጎቴ ጋሽ ታከለ እዚህ ባሕር ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እዚያው የተዋወቁት ዊሊያም የሚባል ሽማግሌ ገበሬ፣ ከውድብሪጅ ወጣ ብሎ፣ ጆሯቸው ዓይናቸውን የሚከልል ዝንጉርጉር አሳማዎች ያረባል። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ያገር ዝርያ ነው። ጎረቤታሞቹ አውራውን በተራ እየተዋዋሱ፣ በጋራ ጫካቸው የዛፍ ፍሬ እያስለቀሙ ያሳድጉና ብርዱ ሲገባ አርደው ይካፈላሉ። ጋሽ ታከለ ይህን ሲሰሙ፣ ይኼማ ቅርጫ ነው አሉ። ግን ጎረቤቶቹ አርጅተዋል፤ ልጆቻቸው ሥጋ ከሱፐርማርኬት ነው የሚገዙት። ዊሊያም እንደሚለው ዝርያው የሚጠፋው በላተኛ ስላጣ ነው። የማይበላውን ማን ያረባል?

ባለፈው ዓመት ዊሊያም እግሩ ተሰበረ። ጋሽ ታከለ በየጧቱ እየነዱ ሄደው ይቀልቡለት ጀመር። አሳማ ቀምሰው አያውቁም፤ ሊቀምሱም አይደለም። የተራበ እንስሳ ሲጮህ የማን ነህ ይባላል ወይ ነው የሚሉት። እስከዚህ ድረስ ጽድቅ ነው። መዘዙ የመጣው ከደስታ ነው። አንዷ አሳማ ስትወልድ ግልገሏን ታቅፈው ፎቶ ተነሡና የት ላኩት መሰላችሁ? የሚካኤል ማኅበርተኞች የስልክ ግሩፕ ላይ! ከሥሩም፣ "እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ስምንት ወለደች" ብለው ጻፉበት።

ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ የሲልቨር ስፕሪንጓ እትዬ አስካለ፣ ወዲያው ኮል አደረጉኝ። አጎትህ የአሳማ ክርስትና አነሡ አሉኝ። ፎቶውን ፎርዋርድ አድርገውት ሄርንደን ደርሷል። አልበሉም እኮ ብላቸው፣ በዚያ እጃቸው ጠበል ጻዲቅ ሊያቀርቡልን ነው ወይ አሉኝ።

በሚቀጥለው ወር ማኅበሩን የመደገስ ተራ የጋሽ ታከለ ሆነ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤታቸው ሰው የሚገባው በዚያች ቀን ብቻ ነው። እኅቴ ዶሮውን ሠራች፤ ድፎው ተጋገረ፤ እሳቸው ወንበር ተከራይተው ደረደሩ። አንዷ ሺፍት ገባሁ አለች፣ አንዱ ትራፊክ ያዘኝ አለ፣ እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን አመማቸው። አልሸሹም ዞር አሉ።

የመጣው ዊሊያም ብቻ ነው፣ በክራንች እየተደገፈ። ደጋግሞ እያስጨመረ በላ። ጠግቦ ቀና ሲል የተደረደሩትን ባዶ ወንበሮች አየና ሰዎቹ የት ቀሩ ብሎ ጠየቀ።

የጋሽ ታከለ እንግሊዝኛ ለዊሊያም አንሶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ወደኔ ዞሩ።

"አንተ ንገረው" አሉኝ፤ "የኔም ዝርያ በላተኛ አጣ በለው።"