ሚዛን የማያምኑት አጎት

በየቤተሰቡ አንድ ምንም የማያምን ሰው አለ። እናንተም ቤት አለ፤ የለም ካላችሁ እናንተ ራሳችሁ ናችሁ። ወተቱ ውኃ እንደገባበት፣ የአየር ትንበያ የሚባለው በመስኮት እየታየ እንደሚነገር፣ ጎረቤት ከወትሮው ሞቅ አድርጎ ሰላም ካለም አንድ ነገር ፈልጎ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው። ያለ እሱ ቤተሰብ አይሞላም፤ ከእሱ ጋር ደግሞ አይታረፍም።

ይህ ታሪክ በሆነበት ቤት ሥልጣኑን የያዙት የእናትየው ታላቅ ወንድም ናቸው። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይባላሉ፤ ዞር ሲሉ «ክቡር መርማሪ»። ማዕረጉ ያለ ምክንያት አልተሰጣቸውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ የነጋዴ ሚዛን ሲመረምሩ ነው የኖሩት። ጡረታ ወጥተው እህታቸው ቤት የጓሮውን ክፍል ከያዙ ቆይተዋል፤ ሥራውን ግን አልተዉትም። በኮታቸው ኪስ፣ በመሐረብ የተጠቀለለች ሃምሳ ግራም የናስ መመዘኛ አለች። ሥጋ ቤት ይሁን አትክልት ተራ፣ ሚዛን ካዩ መሐረቡ ይፈታል። መመዘኛዋን ያስቀምጣሉ፣ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ ባለሱቁ ላብ ላብ ይለዋል። አንድም ቀን «ልክ ነው» ብለው አያውቁም። እጅግ ሲደሰቱ የሚሉት «ለዛሬ ይለፍ» ነው።

የእህታቸው ልጅ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ትሠራለች። ባለፈው ዓመት ጸጉር ሠሪዋ እያበጠረቻት ሳለ ድንገት ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ከማጅራቷ ከፍ ብሎ የሳንቲም ስፋት ያለው ክብ ቦታ ባዶ ሆኖ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ክቦቹ አራት ሆኑ። ሻሽ ማሰር ጀመረች። መስኮቱ ላይ ደንበኛ ከፊቷ ቆሞ ቁልቁል ስለሚያያት፣ ለመጻፍ አንገቷን መድፋት ተወች፤ ወረቀቱን ወደ አገጯ ከፍ አድርጋ፣ ግድግዳ ላይ እንደሚጽፍ ሰው ትጽፋለች። አለቃዋ ዓይኗን እንድትመረመር መክሯታል።

መድኃኒተኛው በየአቅጣጫው ፈላ። የሥራ ባልደረባዋ ዘይት አመጣች፣ የጎረቤቷ ምራት ደግሞ ከዘይቱ የባሰ የሚሸት ቅባት። ክቡር መርማሪ ሁሉንም እየተቀበሉ አሽትተው፣ በጣታቸው መሃል አሽተው፣ የፍርድ ቃል ይሰጣሉ። አንድ ቀን እናትየው በስልኳ ማስታወቂያ አሳየቻቸው፤ በግራ በኩል ራሰ በራ ሰው፣ በቀኝ በኩል ያው ሰው ጸጉሩ ጥቅጥቅ ብሎ። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«የግራው ሰውዬ ጆሮ የተጣበቀ ነው» አሉ። «የቀኙ ደግሞ እንደ በር የተከፈተ። መድኃኒቱ ጆሮም ያሳድጋል እንዴ?»

እናትየው ስልኳን ቀማቻቸው። ልጅቱ ግን ያን ቀን ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ከዚያ ሆስፒታሉ ገና በሙከራ ላይ ላለ የጸጉር መድኃኒት ፈቃደኞች እንደሚፈልግ ተሰማ። ልጅቱ ስትሄድ ክቡርነታቸው ሳይጠሩ ተከተሉ። ዶክተሯ ከልጅቱ ብዙም የማትበልጥ ሴት ነበረች። ወንበር ሳትሰጣቸው በፊት ጥያቄያቸውን ጀመሩ፤ ዋናው አንድ ነበር።

«ያበቅላል?»

«አናውቅም» አለች ዶክተሯ። «ለማወቅ ነው የምንሞክረው።»

ግማሹ ሰው መድኃኒቱ ያለበትን ጠርሙስ፣ ግማሹ ምንም የሌለበትን ፈሳሽ እንደሚወስድ፣ የትኛው ለማን እንደደረሰ ደግሞ እሷ ራሷ እንደማታውቅ አስረዳች። ከዚህ በፊት ተስፋ የተጣለባቸው ብዙ መድኃኒቶች መሃል መንገድ ላይ መቅረታቸውንም አልደበቀችም። ክቡር መርማሪ የልጅቱን እጅ ይዘው ኮሪደር ላይ አወጧት። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አላውቅም ያለ ነጋዴ ገጥሟቸው እንደማያውቅ፣ ይህች ሴት የደበቀችው ነገር ሳይኖር እንደማይቀር ነገሯት።

«ጋሼ፣ ሁሉም ሰው ይበቅላል አለኝ» አለች ልጅቱ። «አላውቅም ያለችኝ እሷ ብቻ ነች። እኔ እገባለሁ።»

ተመልሰው ስምንት ገጽ ቅጹን ሦስት ጊዜ አነበቡ። ገጽ አምስት ላይ በእስክሪብቶ ያሰመሩበት ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ጠርሙሱ በየወሩ ይመዘናል፤ ከታዘዘለት መጠን በላይ የተጠቀመ ሰው ከጥናቱ ይወጣል። «ይህን በልብሽ ያዢ» አሏት። ያዘችም። ጠዋትና ማታ፣ ፍሪጅ በር ላይ ከወተቱ ጎን ከሚቀመጠው ጠርሙስ ስድስት ስድስት ጠብታ፤ ጮክ ብላ እየቆጠረች።

በዚያ ወር ቤቱ ውስጥ ጥርጣሬው አቅጣጫ ቀየረ። አናታቸው ከአርባ ዓመታቸው ጀምሮ ተመልጦ የተወለወለው፣ ኮፍያ የሚባል ነገር ጠልተው የኖሩት ሰውዬ፣ በዚያ ሙቀት የሱፍ ቆብ አድርገው መዋል ጀመሩ። ምግብ ላይ አያወልቁትም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አልኮል አልኮል ይሸታሉ። እናትየው ልጇን ወጥ ቤት ጠርታ፣ ወንድሟ በዚህ ዕድሜያቸው መጠጥ ሳይጀምሩ እንደማይቀር በሹክሹክታ ነገረቻት። ልጅቱ ሌላ ሐሳብ ነበረባት። ጠርሙሱ ቶሎ ቶሎ የሚጎድል መሰላት፤ ግን ስድስቱን ቆጥራለች፣ ስለዚህ ዓይኗን ተጠራጠረች። አለቃዋ እውነቱን ይሆን እንዴ ብላ።

ወሩ ሞልቶ ሄዱ። ነርሷ ጠርሙሱን ከትንሿ ሚዛን ላይ አስቀመጠች፣ ከመዝገቡ ጋር አስተያየች፣ አንስታ እንደገና አስቀመጠች። ከሚገባው በላይ ዘጠኝ ግራም ጎድሏል። ዶክተሯ ተጠራች። ብዙ ሰው ቶሎ እንዲበቅልለት ብሎ እንደሚያበዛ፣ ነውር እንዳልሆነ፣ ግን ደንቡ ደንብ እንደሆነ በለዘበ ድምፅ ተናገረች። ልጅቱ ስድስት ጠብታ ብቻ ነው ስትል ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ሻሿን ጠበቅ አደረገች። ከዚህ ክፍል ከወጣች የሚጠብቋት ጆሮ የሚያሳድጉት መድኃኒቶች ናቸው።

ያን ጊዜ ክቡር መርማሪ ከወንበራቸው ተነሡ።

መሐረቡ ሲፈታ ልጅቱ ልቧ መለስ አለ። እንኳን የሆስፒታል፣ የባንክ ሚዛን ያዋረዱ ሰው ናቸው። «ይህ ሚዛን ይዋሻል» ካሉ በቃ፤ ነርሷም ዶክተሯም የናሷን መመዘኛ አፍጥጠው ነበር የሚያዩት። መመዘኛዋን አስቀመጡ። ጎንበስ አሉ። ቁጥሩ ሃምሳ አለ፤ ከነጥቡ በኋላ ያሉት ሁሉ ዜሮ። አነሡ፣ ደግመው አስቀመጡ። አሁንም ሃምሳ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው፣ ያችን ቃል ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ሲሏት ኖረዋል።

«ሚዛኑ ልክ ነው» አሉ።

ልጅቱ አጎቷ በሕይወታቸው ይህን ሲሉ ሰምታ አታውቅም፤ ለመስማት የመረጠችውም ቀን አልነበረም።

«ልክ ነው» አሉ ደግመው፣ መመዘኛዋን እየጠቀለሉ። «ዘጠኙን ግራም የወሰድኩት እኔ ነኝ። በየማለዳው፣ እሷ ከመነሣቷ በፊት፣ ራሴ ላይ እቀባ ነበር። አልኮል አልኮል የምሸተውም ለዚህ ነው።»

«ጸጉር እንዲያበቅልልዎት?» አለች ዶክተሯ።

«ምን ያደርግልኛል? ካቃጠለ አስቀድሞ እኔን ያቃጥለኝ ብዬ ነው። አላውቅም ብለሽ የሰጠሽውን ነገር ዝም ብዬ ልጅ ራስ ላይ ላፈስ?»

ክቡርነታቸው ማስረጃ ለማቅረብ እጃቸውን ወደ ቆባቸው ሲሰዱ ዶክተሯ ብድግ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እንዳያወልቁት» አለች። «በቀለ አልበቀለ እኔ ማወቅ የለብኝም። የደረሳት የትኛው ጠርሙስ እንደሆነ ከገመትኩ፣ ከዚያ በኋላ ጸጉር በሌለበት ጸጉር አያለሁ። የራሴን ዓይን አላምነውም።»

አጎትየው ቆቡን እንደያዙ ቀሩ። የራሷን ዓይን የማታምን ሰው። ጀርባዋን ከላይ እስከ ታች፣ መርምሮ እንደጨረሰ ሰው አዩት።

«ለዛሬ ይለፉ» አሏት፤ ከ«አንቺ» ወደ «እርስዎ» ተሻግረው።

ዶክተሯ ስልክ ደወለች፣ ረጅም ማብራሪያ ጻፈች፣ አስፈረመቻቸው። ልጅቱ ከመጠኗ ስላላለፈች ከጥናቱ አትወጣም፤ ከእንግዲህ ግን ጠርሙሱ የሚቀመጠው ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉም ከእሷ ከራሷ እጅ አይወጣም። ክቡር መርማሪ ሣጥኑን ተቀብለው ቁልፉን አራት ጊዜ ከፈቱ፣ አራት ጊዜ ቆለፉ፣ ስለ ጥራቱም ያላቸውን ቅሬታ አስመዘገቡ።

ልጅቱ እስከ መውጫው ድረስ ከፊት ከፊታቸው ሄደች። ልትቆጣ ፈልጋ ነበር። የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ግን አላስቻላትም።

«ጋሼ፣ በቀለ እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ? በመስታወት አንድ ነገር ያየሁ መሰለኝ። መስታወት ደግሞ አይታመንም።»

ከዚያ ሁለት ደረጃ ወርደው ከእሷ በታች ቆሙና ቆባቸውን አወለቁ። በመንገዱ በሚያልፈው ሰው ሁሉ ፊት ራሳቸውን ደፉላት።

«አንቺ እዪልኝ» አሉ።

ልጅቱ ጎንበስ አለች። በፀሐዩ የሚያብለጨልጨው ራስ መሃል፣ አውራ ጣት በምታክል ቦታ ላይ፣ ነጣ ያለ፣ በጣም ስስ ነገር ቆሟል። ከሱፍ ቆቡ የቀረ ብናኝ ሊሆን ይችላል። የፎጣ ክርም ሊሆን ይችላል። የብርሃኑም ሥራ ሊሆን ይችላል። እፍ አለችበት።

አልበረረም።

እጇን አጎቷ ትከሻ ላይ ጣለች። ከዚያ መነጽራቸውን ከኮታቸው ኪስ አውጥታ፣ ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ እንደገና እፍ አለች።